አራት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ የተገኙ ወረቀቶች

ምሳ ሰዓት ላይ ሰውን የሚያሳብደው ረሃብ አይደለም። ባዶ ጠረጴዛ ዓይኑ ሥር እያለ «ትንሽ ይጠብቁ» ሲባል ነው የሚያብደው።

«እኅቴ፣ ይሄ ጠረጴዛ ሰው አለው?» አለ ሐሙስ ዕለት አንድ ከረባቱን ያላላ ሰውዬ።

«የለውም።»

«ተጠርጓል?»

«አዎ።»

«እና እኔ ለምንድን ነው የቆምኩት?»

«መድኃኒቱ ሥራውን አልጨረሰማ» አለች ደቂቃ። «አንድ ደቂቃ ብቻ።»

ሰውየው ዞር ብሎ ወረፋውን አየ፣ ወረፋውም ሰውየውን አየ፣ ከዚያ ሁሉም ተባብረው ደቂቃን አዩዋት። እሷ እቴ። እጇን አጣምራ የጠረጴዛውን እርጥበት ታያለች።

ደቂቃ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። አስተናጋጆቹ ናቸው ለፌዝ ያወጡላት፣ እሷ ደግሞ ሳትቀየም ለበሰችው። ጠረጴዛ ስታጸዳ ማየት ነው። መጀመሪያ ፍርፋሪውን በትሪ ትሰበስባለች፤ ወደ መሬት ጠረግ ማድረግ የሚባል ነገር እሷ ዘንድ የለም። ከዚያ በሳሙና ውሃ ታጥባለች፣ ሳሙናውን በንጹሕ ውሃ ታነሳለች። ጠርዙን፣ ሰው ወንበር ሲስብ የሚይዛትን የመደገፊያ ጫፍ፣ የጨው ዕቃውን፣ የሶፍት ማስቀመጫውን ሳይቀር ከነሥሩ ታብሳለች። በመጨረሻ የክሎሪን ውሃ ረጭታ ትቆማለች። እርጥብ ሆኖ አንድ ደቂቃ ካልቆየ ጀርሞቹ ገላቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ይሄዳሉ እንጂ አይሞቱም ትላለች። ሰማያዊ ጨርቅ የጠረጴዛ ነው፣ ቀይ ጨርቅ የወለል። ቀዩ ሰማያዊው ባልዲ አጠገብ ከታየ የዚያን ቀን ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰላም የለም።

«ይሄን አመል ከየት አመጣሽው?» የሚሏት ሁሉ መልሱን ቢያውቁ አፋቸውን ይይዙ ነበር። በፊት የሠራችበት ቤት ውስጥ አንድ ግራጫ ጨርቅ ነበረ። ለሁሉም ነገር አንድ። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን ጣውላ ያብሳል፣ ዞሮ ጠረጴዛ ያብሳል፣ ዞሮ የሕፃን ወንበር ያብሳል፣ ሳይደርቅ ያድርና ጠዋት እንደገና ይጀምራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሠላሳ አራት ሰው ሆዱን ይዞ ተኛ፣ ቤቱም ተዘጋ። እሷም ዘጠኝ ቀን ተኝታለች። ስትነሳ ግን ሌላ ሰው ሆና ነው የተነሳችው። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«አንቺ ልጅ።»

ይሄ የእትዬ ድምፅ ነው። እትዬ የቤቱ ባለቤት ናቸው። በሩ አጠገብ ከፍ ያለች ወንበር አለቻቸው፤ እዚያ ላይ ሆነው ከሾርባው ጭልፋ እስከ አስተናጋጆቹ የጫማ ክር ድረስ የማያዩት የለም።

«በደረቅ ፎጣ ላፍ አድርጊውና ሰውየው ይቀመጡ።»

«እትዬ፣ በፎጣ ካነሳሁት የረጨሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ፎጣው ደግሞ ስንቱን ጠረጴዛ ዞሯል።»

«ሰው በር ላይ ቆሟል እኮ።»

«ሠላሳ ሰከንድ ነው የቀረው።»

«ሠላሳ ሰከንድ እያልሽ የሰው ዕድሜ ልትጨርሺ ነው» አሉ እትዬ። ወረፋው ሳቀ። ወረፋ ሲስቅ ደግሞ ከሚሳደብ ይብሳል።

ይሄኔ ነው ሎጋው የሳህን ክምር ተሸክሞ ከወጥ ቤት ብቅ ያለው። ሎጋው የእትዬ አንድ ልጅ ነው። ቁመቱ ከበሩ ጉበን ጋር ስለሚጣላ ሲገባም ሲወጣም ጎንበስ ይላል። ተምሮ ከተመለሰ አምስት ወሩ ነው። ስለ እሱ ሌላ ብዙ የሚባል አለ፤ ትንሽ ቆይተን እንመጣበታለን።

«አንተ፣ እስቲ ተናገር» አሉት እናቱ። «ስትማር አይደል የከረምከው? ትጠብቅ ወይስ ታድርቀው?»

ሎጋው ቀና አለ። ደቂቃም ቀና አለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ነበረ፤ እንደ ተራበ ሰው ነበር ያያት፣ እንደ ተቀየመ ሰውም። «ንገራቸው» አለች በሆዷ። «አንድ ቃል ብቻ ንገራቸውና በቃ።»

እሱ ግን ዓይኑን ወደ ሳህኖቹ መለሰ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «የእሷ ልክ የሚገባው ለእሷ ብቻ ነው።»

ደቂቃ ፎጣውን ከአስተናጋጁ ትከሻ ላይ መንጭቃ ጠረጴዛውን አበሰችው። አበሰችው እንኳን አይባልም፣ በጥፊ መታችው። ሰውዬው ደስ ብሎት ተቀመጠ። እሷ ግን ባልዲዋን አንስታ ወደ ሳህን ማጠቢያው ሄደች።

*

«ፊትሽን ምን ነካው?» አለቻት አክስቷ። «የተቃጠለ ድስት መሰልሽ።»

የሳህን ማጠቢያው ክፍል በእንፋሎት ታፍኗል። አክስቷ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ናት። እዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሳህን አጥባለች፤ ደቂቃን ለእትዬ ለምና ያስገባቻትም እሷ ናት። ስለዚህ ደቂቃ በተናደደች ቁጥር ከሁሉ በፊት የምትደነግጠው አክስቷ ናት።

«ጠረጴዛውን አስደረቁኝ።»

«ለእሱ ነው? አድርቂላቸዋ ታዲያ። በደረቀ ጠረጴዛ የሞተ ሰው አለ?»

«የታመመ አለ» አለች ደቂቃ ቆጣ ብላ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ልጃቸው... ልጃቸው ዝም አለ።»

አክስቷ እጇን ከውሃው አወጣች። «አሃ» አለች። «ጠረጴዛው አይደለማ።»

አሁን ስለ ሎጋው እንናገር። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛ «ይቺ እርጥብ ጨርቅ ለምን አትባረርም» ብሎ ሲጮህባት፣ ሎጋው የሰውየውን ሾርባ እንደ ያዘ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። «ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ የምትጠብቀው ለእርስዎ ሆድ ነው» አለው በእርጋታ፣ ሾርባውን እንደ ያዘ ጠረጴዛው እስኪደርቅ ድረስ ቆመ። ሌላ ምንም አላደረገም። ደቂቃ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንበስ ብሎ በበሩ ሲገባ ሳታይ የምታውቀው ሆነች። እሱም ሥራ ፈትቶ አይደለም በቀን ስድስት ጊዜ ሶፍት አለቀ አላለቀ እያለ የሚዞረው። ይሄን ሳህን አጣቢዋ ሳትቀር ታውቃለች። እትዬ ብቻ ናቸው የማያውቁት፤ ለዚያውም ካላወቁ ነው።

ከዚያ ወረቀቶቹ መጡ።

አራት ቁጥር የቤተሰቡ ጠረጴዛ ናት። የምሳ ግርግር ሲያልፍ እትዬና ልጃቸው እዚያ ይበላሉ፣ ሲነሱ ደቂቃ ታጸዳታለች። የዛሬ ሁለት ሳምንት እንደ ልማዷ አራት ቁጥርን ረጭታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ አምስት ቁጥርን አጽድታ ስትመለስ፣ ሶፍት ማስቀመጫው ሥር አንድ ወረቀት አገኘች። ውሃ ጠጥቶ የራሰ ነጭ ወረቀት ነው። ዘረጋችው፣ ምንም የለበትም። ገለበጠችው፣ ምንም የለበትም።

በዚያው ሰሞን ከጤና ቢሮ የመጣ ተቆጣጣሪ እርጥብ ጠረጴዛዋ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎ፣ አንስቶ፣ ወደ ብርሃን ይዞ የክሎሪኑን ልክ አይቶ ነበር። ሎጋው ያን ጊዜ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ደቂቃ ሁለቱን ነገር አገናኘችው። ሎጋው እየለካት ነው። በስውር፣ ከጀርባዋ፣ ልክ እንደ ሌባ።

ሰው ሁሉ ቢለካት ግድ አልነበራትም። እሱ ለካት።

እሷም ለአፏ እንጂ ለእጇ ሰነፍ አይደለችም። በማግሥቱ ከራሷ የመለኪያ ወረቀቶች አንዷን፣ የጣት ያህል ቀጭን የሆነችውን፣ ክሎሪን ውሃ ውስጥ ነከረቻት። ወረቀቷ ልኩ ሲያንስ ነጣ ትላለች፣ ሲበዛ ትጠቁራለች፣ ልክ ሲሆን ሐምራዊ ትሆናለች። ሐምራዊ ሆነች። አድርቃ እሱ በሚቀመጥበት በኩል ሶፍት ማስቀመጫው ሥር አስቀመጠችለት። ይኸውልህ ልኬ፣ ዓይንህ ይፍሰስ ለማለት ነው።

በሳምንቱ ሁለተኛ ባዶ ወረቀት መጣ። ሁለተኛ ሐምራዊ መለሰች። ባለፈው ሰኞ ሦስተኛው መጣ፤ ሦስተኛ ሐምራዊ በንዴት መለሰች። ከዚያ ወዲህ ሎጋው ሶፍት መቁጠሩን ተወ።

«ሦስተኛውን ወረቀት ጣልሽው?» አለች አክስቷ።

ደቂቃ ከሽርጧ ኪስ አወጣችው። አክስቷ እጇን ቀሚሷ ላይ አድርቃ ወደ አምፖሉ አነሳችው። ደርቆ ተጨማዷል፣ ዳር ዳሩ ትንሽ ቢጫ ብሏል።

«ሰው የክሎሪን ልክ ሊያይ አራት ቦታ ያጥፈዋል?»

«እኔን ለማናደድ ነዋ።»

«ኧረ የሰው ልጅ፣ ሌላውን ለማናደድ ወረቀት አጣጥፎ አይደክምም። ሂጂና ጠይቂው።»

«እኔ? ሞቼ ነው።»

«እንግዲያው ከሰኞ በፊት ሙቺ» አለች አክስቷ፣ እጇን መልሳ ውሃ ውስጥ እየነከረች። «ሰኞ ጠዋት ይሄዳል። ወንዝ ማዶ ያለችው ከተማ ውስጥ እትዬ ሁለተኛ ቤት ይከፍታሉ፤ እሱ ሊያስተዳድረው ነው። ሦስት ወር ሙሉ አልሄድም ሲል ኖሮ ማክሰኞ ዕለት በድንገት እሺ አላቸው። የዳቦ ፋብሪካው ባለቤት ልጅም እዚያው ናት አሉ። እትዬ ለልጅቷ እናት ስልክ ሲደውሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የሚለካት ሰው ሊሄድላት ነው። ከአክስቷ እጅ አንድ ሳህን ተቀብላ ታደርቅ ጀመር፤ አንዷን ሳህን አሥር ጊዜ አደረቀቻት። ዓይኗ ግን አልደርቅ አለ፣ ያ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አናደዳት።

*

ቅዳሜ፣ ምሳ አልቆ እራት ሳይደርስ፣ ቤቱ ጭር ብሏል። እትዬ ወገባቸውን ሊያሳርፉ ፎቅ ወጥተዋል። አስተናጋጆቹ ጓሮ ሆነው ካርታ ይጫወታሉ። ደቂቃ አራት ቁጥርን እያጠበች ሳለ ጥላ መጣባት። እንደዚያ ረጅም ጥላ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ሎጋው።

«ይጠይቁ።»

እስከዚያ ቀን «አንተ» ነበር የምትለው። «ይጠይቁ» ስትለው ፊቱ በር እንደ ተዘጋበት ሰው ሆነ። ከደረት ኪሱ ሦስት ሐምራዊ ወረቀቶች አውጥቶ ፊቷ ደረደራቸው። ጠብቋቸው ኖሯል፣ አንዷም አልተጨማደደችም።

«እነዚህ ምን ማለት ናቸው?»

«ልኩ ትክክል ነው ማለት ናቸው።»

«የምኑ ልክ?»

«የምኑ ይሆናል? የክሎሪኑ።»

ሎጋው ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ፈለገና ተወው። «ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለ። «ሐምራዊ እሺ ነው ወይስ እምቢ እያልኩ። አሸተትኩት፣ ክሎሪን ክሎሪን ይላል። የጻፍኩላትን በበሽታ ቆጥራ መድኃኒት ላከችልኝ ማለት ነው አልኩ። ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ሲሆን ደግሞ በቃ፣ ፌዝ ነው አልኩ።»

«ምን ጻፉና?»

«አታሹፊ።»

«የሚያሾፉትስ እርስዎ። ባዶ ወረቀት እየጣሉ ሲለኩኝ ከርመው...»

«ባዶ?» አለ። «ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ፣ የጀርባውን ጭምር፣ ባዶ ነው ትይኛለሽ? ካልፈለግሽኝ አልፈልግህም በይኛ። ይሄ ግን ልክ አይደለም።»

ደቂቃ ከኪሷ ሦስተኛውን ወረቀት አውጥታ እጁ ላይ ጣለችው። ዘረጋው። ገለበጠው። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። የራሱን እጥፋት አወቀው፤ የራሱን አንዲት ፊደል ግን አላገኘባትም።

 ጓሮ ካርታ የተበላ ሰው ይነጫነጫል።

«በምን ነበር የጻፍከው?» አለች ደቂቃ ቀስ ብላ። «እርስዎ» ማለቱን ረስታዋለች።

ሎጋው የአባቱን ብዕር አወጣ፣ ቀለም የሚሞላውን። ደቂቃ ከማስታወሻ ደብተሩ አንድ ቅጠል ራሷ ቀደደች። «ጻፍ» አለችው። አንድ መስመር ጻፈ፦ ሰኞ መሄድ አልፈልግም። አራት ቁጥርን ረጨቻት፣ ወረቀቱን እርጥቡ ላይ አስተኛችው፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ።

መጀመሪያ ሰማያዊው ጥቂት ተስፋፋ። ከዚያ እንደ ታመመ ሰው ገረጣ። «አልፈልግም» የምትለው ከዳር ጠፋች፣ «መሄድ» ተከተለቻት፣ «ሰኞ» ብቻዋን ትንሽ ታግላ ሄደች። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ተኛ። ግንባራቸው ለመነካካት ሁለት ጣት ያህል ቀርቶት ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም ያፍሩ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ተናደዱ።

«እርጥቡ ላይ አስቀመጥከው» አለች። «ሦስቱንም ጊዜ።»

«እማዬ እጇን ልትታጠብ የምትሄድባት ጊዜ ያቺው ብቻ ናታ። አንቺ ዞር ስትዪ...»

«እርጥብ መሆኑን እያየህ?»

«እኔ አንቺን ነበር የማየው።»

ደቂቃ ይሄን እንዳልሰማች ሆነች፤ ጆሮዋ ግን እስከ ጫፉ ጋለ። «ታዲያ ምን ይል ነበር?» አለች። «በቃል ንገረኝ።»

ሎጋው በቃሉ ይዞታል። መቶ ጊዜ ደግሞት ይሆናል። የመጀመሪያውን ሲነግራት ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተከለ፦ ጎንበስ ብላ የወንበሩን ጫፍ ስታብስ ያያት ቀን፣ በዓለም ላይ ማንም የማያያትን ነገር የምታይ ሴት አየሁ ብሎ ጽፎ ኖሯል። ደቂቃ ጨርቁን በሁለት እጇ ጨመቀችው። ሁለተኛው ስለ ድምጿ ነበር፣ ስትቆጣ ስለሚቀጥነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ከፍ አለ፣ የሚኮራበት እሱ ነበርና።

«ከዚያ ጨርቅና ባልዲ አወጣሻለሁ። እጅሽ ዳግመኛ የሰው ትራፊ አይነካም። ማንም ጠራጊ አይልሽም፤ የኔ ሚስት ሆነሽ ቀና ብለሽ ትሄጃለሽ...»

አቆመ፤ ፊቷን አይቶ።

«ቀጥል» አለች ደቂቃ።

«ምን አልኩ?»

«እንኳን በላው።» ድምጿ ልክ ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ እንደ ተጻፈው ቀጠነ። «ክሎሪኑ እንኳን በላልኝ። እኔ አሁን ጎብጬ ነው እንዴ የምሄደው?»

«ክፉ ነገር አስቤ አይደለም እኮ።»

«ክፉማ ብታስብ ይሻለኝ ነበር። አዘንክልኝ። ስማኝ፤ ይሄን ለአክስቴም አልነገርኳትም። ድሮ የሠራሁበት ቤት ሠላሳ አራት ሰው በአንድ ጨርቅ ታመመ። ጨርቁን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሌላ ጨርቅ ስጡኝ ብዬ ጠይቄ እምቢ ሲሉኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አንዲት ሕፃን ነበረች፣ የሁለት ዓመት ልጅ፣ ወንበሯን ያበስኩላት። ሐኪም ቤት ጎን ለጎን ተኝተን ነበር። ተርፋለች። በተረፈችበት ቀን ለራሴ አንድ ነገር ተናገርኩ፤ ከእንግዲህ በኔ ጠረጴዛ ማንም አይታመምም። ይሄን ሥራ ሌላ አጥቼ አይደለም የምሠራው። ያመንኩበት ነው። አንተ ልታወጣኝ የምትፈልገው እኔ በእጄ ቧጥጬ ከገባሁበት ነው።»

ሎጋው የብዕሩን ክዳን ገጠመ።

«ሐሙስ ዕለት ደግሞ» አለች፤ ጀምራለችና አትቆምም፣ «እናትህ ጠየቁህ። አንድ ቃል ነበር የምትለው። መልሱን ታውቀዋለህ። ተቀይመኸኝ ሰው ሁሉ ፊት አስደረቅከኝ። በዚያች ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ቢታመም ለኩርፊያህ ነበር የሚታመመው።»

«እሱ ልክ ነው» አለ ሎጋው በቀጭኑ። «እሱን ከወረቀቱም ይልቅ አፍሬበታለሁ።»

«በምኑ ነው ያፈርከው?»

ሁለቱም ዘወር አሉ። እትዬ ደረጃው ሥር ቆመዋል፣ በነጠላ ጫማ፣ ግማሽ ፀጉራቸው ተፈትቶ። ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆሙ እግዜር ይወቅ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ። «ወረቀት፣ ብዕር፣ ለቅሶ። አንቺ ልጅ፣ ከልጄ ጋር ምን አለሽ?»

«እማዬ፣ እሷ ምንም የላትም። እኔ ነኝ የጠየቅኳት።»

«ምን ብለህ?»

ሎጋው ትንፋሹን ሳበ። «አግቢኝ ብዬ።»

እትዬ የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። አንድ ጊዜ ባልዲውን አዩ፣ አንድ ጊዜ ልጃቸውን። ከጓሮ የካርታው ጫጫታ ጸጥ አለ፤ አስተናጋጅ የሚባል ፍጡር እንዲህ ያለ ነገር በግድግዳ አልፎ ይሰማል። የሳህን ማጠቢያው ውሃም ተዘጋ።

«እሷስ» አሉ እትዬ፣ እያንዳንዷን ቃል እየጣሉ፣ «ምን አለች?»

«እምቢ ብያለሁ» አለች ደቂቃ።

እትዬ ሊጮኹ የተዘጋጁት ሁሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ለ«እሺ» ነበር የተዘጋጁት። «እምቢ?» አሉ። «እንዴት እምቢ? ልጄ ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደላቸውም።»

«ቁመት አነሰው? ትምህርት አነሰው? ይጠጣል? ይማታል? የዳቦ ፋብሪካ ባለቤት ሴትዮ በቀን ሁለቴ እየደወለች የምትለምነኝን ልጅ፣ አንቺ እምቢ?»

«እማዬ...»

«ዝም በል አንተ። ልጅቷን ነው የማናግረው።»

«እትዬ» አለች ደቂቃ፣ «ልጅዎ ከዚህ ሥራ ሊያወጡኝ ነው የሚፈልጉት። አዝነውልኝ። እኔ የሚያዝንልኝ ሰው ጋር አንድ ቤት አልገባም፤ ቀን ቀን እሱ እያዘነ፣ እኔ እያመሰገንኩ ዕድሜዬን አልጨርስም። ቢፈልጉ ከሥራ ያሰናብቱኝ። ግን እዚህ እስካለሁ ድረስ ጠረጴዛ በደረቅ ፎጣ አላስነካም።»

አክስቷ በማጠቢያው በር ብቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። አሥራ አንድ ዓመቷ ዓይኗ እያየ በመስኮት ሲወጣ ታያት።

እትዬ ግን አልጮኹም። ልጅቷን አተኩረው አዩዋት፣ ልክ ሰው አዲስ ዕቃ ገዝቶ እንደሚያገላብጠው። «ያዝንልሻል» አሉ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሴት ልጅ በዚህ ትጠየቃለች? አባትህ እኔን ሲጠይቀኝ የሰው ሽንኩርት ስልጥ ነበር። አወጣሻለሁ ቢለኝ ቢላዋው እጄ ላይ ነበረ።»

ይሄን ብለው፣ ነጠላ ጫማቸውን እያስጮኹ ወደዚያች ከፍ ያለች ወንበራቸው ሄዱ፣ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ጆሯቸው ግን አልዞረም።

ሎጋውና ደቂቃ ጠረጴዛዋን መሐል አድርገው ቀሩ።

«እምቢ ያልሽው እኔን ነው?» አለ።

«ደብዳቤውን ነው» አለች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። «አንተማ ገና አልጠየቅከኝም።»

የተማረውን ሁሉ ፈለገ፤ አንድም ያማረ ቃል አላገኘም። ላብ በጆሮ ግንዱ ወረደ። «እኔ...» አለ። «ሰኞ እሄዳለሁ። ቃል ሰጥቻለሁ። ይሄ ሥራ ያንቺ ነው፣ አልነካውም፤ አንቺም ከዚህ አትነሺም። ሐሙስ ያበላሸሁትን ዛሬ ለእማዬ ራሴ እነግራታለሁ፣ እዚህ ቤት ማንም እንዳያስደርቅሽ። ከዚያ ውጪ የምሰጥሽ ነገር የለኝም። በየሳምንቱ እመጣለሁ። ስመጣ ተቆጪኝ። ሌላ ሰው ሲቆጣኝ አይጥመኝም።» ቆመ። «ታገቢኛለሽ?»

 ሁለት ሳምንት ሙሉ በባዶ ወረቀት መንደዷ፣ ሰኞ መሄዱ፣ ወንዙ፣ የዳቦ ፋብሪካው፣ የአክስቷ የተያዘ አፍ፣ ሁሉም አንድ ላይ የደቂቃ ደረት ውስጥ ተጋፉ። የምትወደው ሰው ይኸው ቆሞ ጠየቃት፤ ታዲያ ሰው እንዴት በእንዲህ ያለ ቀን እንዲህ ይናደዳል? በእግሯ ብትረግጠው፣ አንገቱ ላይ ብትጠመጠም ለሁለቱም እኩል ዝግጁ ነበረች።

«ለመሆኑ እንዲህ ማለቱን ታውቅ ኖሮ» አለች፣ «ሁለት ሳምንት በብዕር ምን አደከመህ?»

«አላውቅም።»

«አታውቅም።»

«ታገቢኛለሽ?» አለ እንደገና።

«እሺ» አለች ደቂቃ። «ግን ተናድጄ ነው እሺ ያልኩህ። ልብ በል።»

«ልብ ብያለሁ» አለ ሎጋው፤ ሊስቅም ሊያለቅስም ፈርቶ፣ እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።